የተራራ አበባ በድንጋይ ገንዳ

ቢትልስ በተበተነበት በ1970 ጆርጅ ሃሪሰን «ኦል ቲንግስ መስት ፓስ» የተባለውን ባለ ሦስት ሸክላ አልበም አወጣ። ሽፋኑን ያየ አይረሳውም። ጢሙ የረዘመ ሰው ቦት ጫማውን አጥልቆ ሣር ሜዳ ላይ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን አራት የድንክ ምስሎች አሉ። ፎቶው የተነሣው ሃሪሰን በዚያው ዓመት በገባበት በፍራያር ፓርክ ነው፤ ሄንሊ በምትባል የቴምዝ ወንዝ ዳር ከተማ የሚገኝ ሰፊ ግቢ ነው። አልበሙ ውስጥ ሰር ፍራንኪ ክሪስፕ ስለሚባል ሰው የተዘፈነ ዘፈን አለ። ስሙ የፈጠራ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የግቢው የቀድሞ ባለቤት ነው።

ሰር ፍራንክ ክሪስፕ የናጠጠ የለንደን ጠበቃ ነበር። ማይክሮስኮፕ ይወዳል፣ ቀልድ ይወዳል፣ ከሁሉም በላይ ግን ተራራ ይወዳል። ስለዚህ ተራራ አሠራ። በሺዎች ቶን የሚቆጠር ድንጋይ አስመጥቶ፣ በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ላይ ያለውን የማተርሆርንን ተራራ ትንሽ አምሳል ጓሮው ውስጥ አስቆመ። እውነተኛው ማተርሆርን 4,478 ሜትር ነው። የክሪስፕ ማተርሆርን ደግሞ ከሻይ በኋላ ዞር ዞር ተብሎ የሚታይ ነገር ነው። በድንጋዮቹ መካከል ከአልፕስና ከሌሎች ከፍታዎች የመጡ ተክሎች ተተከሉ።

ዛሬ ከአንድ አበባ መሸጫ በትንሽ ብር የሚገዙና ማንም ጀማሪ ሊያሳድጋቸው የሚችሉ ተክሎች፣ በዚያ ዘመን ይህን ሁሉ ድንጋይና ገንዘብ የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር። ለምን? ታሪኩ እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውርጭ ላይ መኖር

እኛ አገር አየሩን የምንከፍልበት መንገድ ነገሩን ለማስረዳት ምቹ ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እንላለን፤ ከደጋ በላይ ደግሞ ውርጭ አለ። አውሮፓውያን «አልፓይን» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ዛፍ ማደግ አቁሞ ሣርና ቁጥቋጦ፣ ድንጋይና ንፋስ ብቻ የሚቀሩበት ከፍታ። ስሙ ከአልፕስ ተራሮች ቢወጣም ተክሎቹ በሂማላያም፣ በአንዲስም፣ በካውካሰስም፣ በሰሜንና በባሌም አሉ።

እዚያ ላይ የሚኖር ተክል ጌጠኛ ሆኖ የተፈጠረ አይደለም። ንፋሱ እንዳይነቅለው ያጥራል፣ ሙቀት እንዳያመልጠው እንደ ትራስ ክብ ብሎ ይጠጋጋል። ፀሐዩ ኃይለኛ ስለሆነ ቅጠሉን በፀጉር ወይም በሰም ይሸፍናል። የሚያድግበት ጊዜ ጥቂት ወራት ብቻ ስለሆነ አበባውን በአንድ ጊዜ ይዘረግፋል። ከሥሩ ያለው ደግሞ አፈር ሳይሆን በአብዛኛው ጠጠር ነው። ዝናብ ይዘንባል፣ በረዶ ይቀልጣል፣ ውኃው ግን አይቆምም፤ ሾልኮ ይሄዳል። ሥሩም ተከትሎት ወደ ታች ይወርዳል።

በአልፕስ ክረምት፣ ማለትም በብርዱ ወቅት፣ በረዶው ራሱ ለተክሉ ጋቢ ነው። ውጪው በጣም ቢቀዘቅዝም ከወፍራም በረዶ ሥር ያለው አፈር ከዜሮ ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ውኃውም በረዶ ሆኖ ስለተያዘ ተክሉ አይርስም። ይህንን ተክል ወደ ቆላማው አውሮፓ ስታወርዱት በረዶው ቀርቶ ለወራት የሚያካፋ ዝናብ ይጠብቀዋል። የሚገድለው ሙቀቱም ብርዱም ላይሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ሥሩ ላይ የቆመ ውኃ ነው። ይበሰብሳል፣ በቃ።

ሚስጥሩ ይህችው ብቻ ናት። ሰዎች ግን እስኪደርሱባት ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው።

ንጉሠ ነገሥቱና ሸማኔው

በ1573 ካሮሉስ ክሉሲዩስ የተባለ የዕፅዋት ሊቅ ወደ ቪየና መጣ፤ የንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን ሁለተኛን የአትክልት ቦታ እንዲያደራጅ ተጠርቶ ነው። የቢሮ ሊቅ አልነበረም። ኤትሸርን የመሳሰሉ የኦስትሪያ ተራሮችን በእግሩ ወጣ፣ ያየውን መዘገበ፣ በ1583 ስለ ኦስትሪያና ሃንጋሪ ዕፅዋት ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ከተራራ አምጥቶ ከተከላቸው ብዙዎቹ አልበረከቱለትም። አንዷ ግን ተመቻት፤ ኦሪኩላ የምትባል፣ ወፍራም ቅጠል ያላት የፕሪሙላ ዘመድ።

ኦሪኩላ ከቤተ መንግሥት ወጥታ የሄደችበት መንገድ ይገርማል። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ እጅግ ከወደዷት ሰዎች መካከል የላንካሸርና የአካባቢው የእጅ ሸማኔዎች ነበሩ። ድሆች ናቸው፤ ግን ቤታቸው ውስጥ ስለሚሠሩ ቀኑን ሙሉ ከተክላቸው አጠገብ ናቸው። የተመረጡት የኦሪኩላ ዓይነቶች አበባና ቅጠላቸው ላይ ዱቄት የሚመስል ነጭ ብናኝ አላቸው፤ አንድ ጠብታ ዝናብ ያበላሸዋል። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ ሸማኔው ከመወርወሪያው ተነሥቶ ዕቃዎቹን ከጣራ ሥር ያስገባል። በውድድሩ ቀን ለአሸናፊው የሚሰጠው የተለመደ ሽልማት የመዳብ ማንቆርቆሪያ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ባለጠጋው ተራራ እየገነባ ተክል ሲገድል፣ ድሃው ሸማኔ በአንድ የሸክላ ዕቃ ውስጥ የአልፕስን ዘር ከአባት ወደ ልጅ ያሻግር ነበር። ልዩነቱ ገንዘብ አልነበረም። አንዱ የተራራውን መልክ ይዞ ነበር፣ ሌላው የተክሉን ጠባይ።

ተራራ የመገንባት አባዜ

መልክ የመያዙ ነገር ደግሞ ብዙ ርቀት ተጉዟል። በ1773 በለንደን የቼልሲ የመድኃኒት ዕፅዋት ግቢ ውስጥ ከታወቁት የአውሮፓ የዐለት አትክልቶች ቀደምት የሆነው ተሠራ። ድንጋዮቹ ራሳቸው ታሪክ ናቸው፤ ከፊሉ ከለንደን ግንብ የፈረሰ ጥርብ ድንጋይ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ጆሴፍ ባንክስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከአይስላንድ ጉዞው በመርከብ ጭኖ ያመጣው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየባሰ ሄደ። በቼስተር ከተማ አጠገብ ሆል ሃውስ በተባለ ግቢ ሌዲ ብሮተን የሻሞኒን ሸለቆና የበረዶ ግግሩን አምሳል አሠራች። በረዶ ከየት ይምጣ? የነጭ ዕብነ በረድ ስባሪ በረዶውን ተካ። የዘመኑ ታዋቂ የአትክልት ጸሐፊ ላውደን በ1838 በአድናቆት ጻፈለት። የክሪስፕ ማተርሆርን የዚሁ ቤተሰብ የመጨረሻው ትልቁ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

በመካከሉ ግን ሌላ ዓይነት ሰዎች ጥያቄውን ከሥሩ እየመረመሩ ነበር። በኢንስብሩክ ያስተምር የነበረው አንቶን ኬርነር በ1864 የአልፕስ ተክሎችን ስለማሳደግ መጽሐፍ አሳተመ፤ ተክሎቹ ተራራው ላይ እንዴት እንደሚኖሩ አይቶ፣ ለክቶ፣ ከዚያ ወደ ጓሮ የተሻገረ ሰው ነው። በ1870 ደግሞ አየርላንዳዊው አትክልተኛ ዊልያም ሮቢንሰን ለእንግሊዝ ጓሮዎች ስለሚሆኑ የአልፕስ አበቦች ጻፈ። ክርክሩ ቀላል ነው፤ እነዚህ ተክሎች ቆላ ላይ አይበቅሉም የሚለው ወሬ ከንቱ ነው፣ ችግሩ አተካከላችን ነው አለ።

ነገሩን ወደ ጠብ የለወጠው ሬጂናልድ ፋረር ነው። በ1880 ተወለደ፤ ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ ስለተወለደ በልጅነቱ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ትምህርት ቤት ሳይሄድ ዮርክሸር ውስጥ ባለው የቤተሰቡ ርስት ላይ፣ በኖራ ድንጋይ ገደሎች መካከል አደገ። በ14 ዓመቱ አሮጌ የድንጋይ ማውጫ ውስጥ የራሱን የዐለት አትክልት ሠራ። ሲያድግ ብዕሩ እንደ ምላጭ ሆነ። በ1907 ባወጣው መጽሐፉ ሰዎች የሚሠሯቸውን የድንጋይ ክምሮች በየስማቸው እየጠራ አፌዘባቸው፤ አንዱን ዓይነት ለውዝ የተሰካበት ጣፋጭ ምግብ አስመስሎታል፣ ሌላውን የውሻ መቃብር ብሎታል።

በ1914 ለጓደኛው ለቦልስ መጽሐፍ መግቢያ ሲጽፍ ገንዘባቸውን በድንጋይ ላይ የሚያፈሱ ባለጠጎችን ነካ። የማንንም ስም አልጠራም፤ ክሪስፕ ግን እኔን ነው አለ። መልሱን በራሪ ጽሑፍ አድርጎ አሳተመ። በዚያው ዓመት በቼልሲ የአበባ ትርኢት ላይ፣ ኤለን ዊልሞት የተባለች ስመ ጥር አትክልተኛ ጽሑፉን ከቦርሳዋ እያወጣች ለአላፊ አግዳሚው አደለች። የዛሬ ሰው ቢሆን በስክሪን ሾት ይጣላ ነበር፤ እነሱ በወረቀት ተጣሉ።

ሣቁን እናቆየውና፣ ፋረር ያነሳው ጉዳይ ትክክል ነበር። ድንጋይ ለታይታ አይደለም። ድንጋይ የሚጠቅመው ውኃን ወደ ታች ስለሚያሾልክ፣ ሥርን ስለሚያቀዘቅዝ፣ የቅጠልን አንገት ከጭቃ ስለሚያርቅ ነው። እነዚህን ሦስት ሥራዎች አንድ አካፋ ጠጠርም ይሠራቸዋል። ፋረር ራሱ አዳዲስ ተክሎችን ፍለጋ እስከ ቻይና ካንሱ ሄደ። በጥቅምት 1920 ገና በ40 ዓመቱ በላይኛው በርማ ተራሮች ላይ ሞተ።

ፍቅር የሚነቅለው

ይህ ሁሉ ፍቅር ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ተራራው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባቡር ወደ አልፕስ ሲገባ አገር ጎብኚው ጎረፈ። ኤደልቫይስ የምትባለው ነጭ፣ ጠጉራም አበባ የተራራ መውጣት ምልክት ሆነች። የመንደር ልጆች እየነቀሉ በየመንገዱ ሸጧት። ነጋዴዎች ደግሞ ተክሎችን ከነሥራቸው በቅርጫት እየጫኑ ለከተማ ጓሮዎች ላኩ። አብዛኞቹ አዲሱ ቦታቸው ላይ ሞቱ፤ ስለሞቱም በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ታዘዙ። አስቡት፤ ተክሉን ማሳደግ አለማወቅ ራሱ የገበያው ሞተር ነበር።

ድሃው መንደርተኛ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ልጁ ከአንድ እቅፍ አበባ የሚያገኘው ሳንቲም ለቤቱ ዳቦ ነው። ፈላጊ ባይኖር ነቃይ ባልኖረ። ተክልን በብዕራቸው ያስወደዱን ሰዎችም፣ ፋረርን ጨምሮ፣ ከተራራ ነቅለው ወስደዋል።

በ1878 የስዊዘርላንዱ ኦብቫልደን ካንቶን ኤደልቫይስን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። በ1883 ደግሞ በጄኔቫ አንሪ ኮረቮን የተባለ አትክልተኛ ተክሎችን የሚጠብቅ ማኅበር በማቋቋም ግንባር ቀደም ሆነ። የኮረቮን ብልሃት ከሕጉ የጠለቀ ነበር። ሰው የተራራ አበባ እንዳይወድ ማድረግ አይቻልም፤ ስለዚህ ከዘር አፍልተን እንሽጥለት አለ። ከዘር የበቀለ ችግኝ ከልጅነቱ የቆላውን አፈር ስለሚለምድ ተነቅሎ ከመጣው ይልቅ ይጸናል። ተራራውም ይተርፋል፣ ገዢውም አይከስርም።

የኛን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የመንዝ ሰዎች ጓሳቸውን ለብዙ ትውልድ ሲጠብቁ የኖሩት በዚሁ መንፈስ ነው። ጓሳ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያው ገሳ ይፈለጋል። ሁሉም በፈለገው ጊዜ ቢያጭደው አንድም አይቀርም። ስለዚህ አባቶች ቦታውን ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፍቱታል። ውርጭ ላይ ያለ ነገር ቀስ ብሎ እንደሚያድግ መንዜም ኮረቮንም ያውቁ ነበር።

ከብት ከጠጣበት ገንዳ

ታሪኩን ወደ ተራ ሰው ቤት ያመጣው ክላረንስ ኤልየት ነው። በ1907 በስቲቭኔጅ ሲክስ ሂልስ የተባለ የችግኝ ጣቢያ ከፈተ፤ ከፋረር ጋርም አልፕስን ዞሯል። የገጠር ቤቶች አሮጌ የድንጋይ ማጠቢያና የከብት ማጠጫ ገንዳቸውን እያወጡ በሚጥሉበት ዘመን፣ ኤልየት የተጣለውን አነሣ። ከታች ቀዳዳ አለው፣ ጥልቀት አለው፣ ድንጋይ ነው። ጠጠርና አፈር ሞልቶ ትንንሾቹን የተራራ ተክሎች ተከለበት። ፍራያር ፓርክ በሺዎች ቶን ድንጋይ የፈለገው ነገር ደጃፍ ላይ በተቀመጠ አንድ ገንዳ ውስጥ ገባ።

በ1929 በእንግሊዝ የአልፓይን አትክልት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1933 የስኮትላንዱ ተከተለ። አባላቱ ዘር ይለዋወጣሉ። የድንጋይ ገንዳ ሲወደድ ሰዎች ሲሚንቶ፣ አሸዋና የበሰበሰ ሣር አቡክተው ድንጋይ የሚመስል ዕቃ መሥራት ጀመሩ። የሸማኔው መንገድ በመጨረሻ አሸነፈ።

ለጀማሪ የሚሆኑት

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለጀማሪ የቀሩት ተክሎች የትኞቹ ናቸው?

የመጀመሪያው ሰምፐርቪቩም ነው፤ ስሙ በላቲን «ሁልጊዜ ሕያው» እንደማለት ነው። ከ800 ዓመተ ምሕረት አካባቢ የወጣው የሻርለማኝ የርስት አስተዳደር ደንብ አትክልተኛው ይህንን ተክል በቤቱ ጣራ ላይ እንዲያኖር ያዛል፤ መብረቅ ይከላከላል ተብሎ ይታመን ነበር። መብረቁን እንጃ፣ ጣራ ላይ መኖሩ ግን እውነት ነው። ቅጠሉ ውስጥ ውኃ ያከማቻል፤ ቀን ቀን የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘግቶ ሌሊት ይተነፍሳል። እኛ አገር የምናውቀው እንዳሁላ የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ወፍራሙን ቅጠሉን ያየ ዝምድናውን አይክድም። ሰምፐርቪቩም ሲያብብ ያበበው ራስ ይሞታል፤ አትደንግጡ፣ ዙሪያውን ልጆች ትቶ ነው የሚሄደው። ሌላው የዚህ ቤተሰብ አባል ሴደም ነው፤ የተሰበረ ቅርንጫፉን አፈር ላይ ብትጥሉት እንኳን ሥር ያወጣል።

ሁለተኛው ኦብሪዬታ ነው። በ1763 ስሙን ያገኘው ከክሎድ ኦብሪዬ ነው፤ ከቱርንፎር ጋር ከ1700 እስከ 1702 በግሪክና በአናቶሊያ ዞሮ ዕፅዋት የሣለ ፈረንሳዊ ሠዓሊ። ከግንብ ላይ እየተንዠረገገ ሐምራዊ ይሆናል። አበባው ሲያልቅ ቆረጥ አድርጉት፤ ካልሆነ መካከሉ ይደርቃል።

ሳክሲፍራጋ ስሙ «ድንጋይ ሰባሪ» ነው። ብርማዎቹ ዓይነቶች ኖራውን በቅጠላቸው ጠርዝ ስለሚያወጡ ጨው የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ካምፓኑላ፣ ትንሿ ደወል፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትወጣለች። ኦሪኩላም አለች፤ እሷ ግን የቀትር ፀሐይ አትወድም፣ ጥላ ፈልጉላት።

ተቃራኒውንም እወቁ። ኤሪትሪኪየም ናኑም የምትባል ሰማያዊ የአልፕስ ትራስ አለች፤ ፋረርን ያሳበደች፣ እስከ ዛሬ የተካኑትን የምታሸንፍ። ፎቶዋ ስላማራችሁ በእሷ አትጀምሩ።

አተካከሉ አጭር ነው። ከታች ቀዳዳ ያለው ዕቃ፤ ጣሳም ቢሆን ይበሳል። ግማሽ አፈር፣ ግማሽ ጠጠርና ሻካራ አሸዋ። ከተከላችሁ በኋላ የተክሉ አንገት ዙሪያ ላይ ጠጠር አልብሱ። ፀሐይ ያለበት ቦታ። ውኃ ስታጠጡ ጠጥቶ እስኪወርድ አጠጡ፣ ከዚያ አፈሩ እስኪደርቅ ተዉት። ማዳበሪያ አታብዙ፤ በድህነት ያደገ ተክል ነው፣ ጥጋብ ያልፈሰፍሰዋል።

ስቶክሆልም፣ ፍራንክፈርት ወይም ዴንቨር ለምትኖሩ አንባቢዎች አየሩ ራሱ ይረዳችኋል። የዴንቨር ዕፅዋት ግቢ ውስጥ ያለው የዐለት አትክልት ደግሞ ሄዶ ሊታይ የሚገባው ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ ግን ነገሩ ይለያል። የአውሮፓ የተራራ ተክል ረጅም የብርድ እንቅልፍ ለምዷል፤ አዲስ አበባ ያንን አትሰጠውም፣ በምትኩ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ትሰጠዋለች። ሰምፐርቪቩምን ከጣራ ክፈፍ ሥር ሞክሩት። እንዳሁላ ደግሞ የአገሩ ልጅ ነው።

አንድ ተክል ግን ገንዳ ውስጥ አይገባም። የሰሜንና የባሌ ጅብራ ከኢትዮጵያ ውጪ በተፈጥሮው የትም አይበቅልም። እሱ የሚኖርበት ውርጭ ከአልፕስ ውርጭ ይለያል፤ ብርዱ በዓመት አንድ ጊዜ ለወራት የሚቆይ ሳይሆን ሌሊት ሌሊት መጥቶ ጠዋት የሚሄድ ነው። ጅብራ ሲመሽ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ እምቡጡን ያቅፋል፣ ሲነጋ ይከፍታል። እንዲህ እያለ ለብዙ ዓመታት ያድጋል፣ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ያንን የቀንና የሌሊት ዑደት ከክሪስፕ ማተርሆርን በላይ ድንጋይ ብትከምሩ አታመጡትም። እሱን ለማየት ሳንቃ በር ወይም ሳነቴ መውጣት ነው፤ ነቅሎ ማውረድ አይሆንም።

ለደጃችሁ የሚሆነውን ግን ከችግኝ ጣቢያ ግዙ። ስትገዙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ከዘር ወይም ከቁራጭ የበቀለ ነው ወይስ ከተራራ የተነቀለ? ኮረቮን ከመቶ ዓመት በፊት ገዢዎች እንዲጠይቁት የፈለገው ይኸው ነው። ሻጩ ካላወቀ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። የመጀመሪያው ሰምፐርቪቩማችሁ ልጆች ሲያወጣ ደግሞ አንዱን ለጎረቤት ስጡ።